የእማማ ጫልቱ ጉድጓድ ውሃ ወደ ሾላ ሲጓዝ

ጉዞው ረጅም አይደለም። ከቦሌ ቡልቡላ ተነስቶ ሾላ ገበያ አጠገብ የሚያልቅ፣ ሁለት ታክሲ የሚያዝበት መንገድ ነው። በዚያ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት የሥራ ባልደረቦቼ ወደየቤተሰባቸው ሲሄዱ እኔ የሄድኩበት ሩቅ ቦታ ግን እሱ ነበር። ስለዚህ እንደማንኛውም ጉዞ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ዓላማውን ላስረዳ። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምኖረው ቡልቡላ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የቧንቧ ውሃ ወደ ሰፈራችን በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት ግን ብዙ ጊዜ አቅም ያንሰዋል። በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ቅዳሜ ቢጫ ጀሪካኔን ይዤ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ወዳለው የእማማ ጫልቱ ጉድጓድ እወርድ ነበር።

እማማ ጫልቱ የዚያ መሬት ሰው ናቸው። እኛ የምንኖርባቸው ሕንፃዎች የቆሙት እሳቸውና ባለቤታቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። አሁን የቀራቸው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ አንድ የኮሽም አጥርና ሟች ባለቤታቸው የቆፈሩት ጉድጓድ ብቻ ነው። ልጆቻቸው ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደዋል፤ የሚመጡት ለበዓል ነው። ለውሃው ከማንም ሳንቲም አይቀበሉም። ጀሪካኑን ሞልቶ ቶሎ ለመሄድ የሚጣደፈውን ሰው ግን ክንዱን ይይዙታል።

«የውሃዬ ዋጋ ወሬ ነው። ቁጭ በል፣ አውራ፣ ከዚያ ትሄዳለህ» ይሉታል።

ከጉድጓዱ አጠገብ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ድንጋይ ላይ ስድስት ሰባት ሰው ይቀመጣል። በሕንፃችን ውስጥ በር ለበር ገጥመን የምንኖር ሰዎች ስም ለስም የተዋወቅነው እዚያ ነው። እኔም ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ከተማሪዎቼ ውጭ ከሰው ጋር የማወራበት ቀን ቅዳሜ ነበር።

ከክረምት ወዲህ ግን ውሃው ተለወጠ። ነጭ ስኒ ውስጥ ሲቀዳ ቢጫነት ያሳያል፤ ሲቀምሱት ሚስማር አፍ ውስጥ እንደ መያዝ ነው። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ትንሽ ልጅ እጇ እያሳከካት ይቆስል ጀመር። ከጉድጓዱ ሽቅብ፣ ወንዙ ዳር፣ ለግንባታ የሚሆን ብረት እንዳይዝግ በኬሚካል እየነከረ የሚያቀርብ ድርጅት ተከፍቷል። በየቦታው ሕንፃ በሚበቅልበት በዚያ ዘመን ብረት የሚነክር ሰው ሥራ አይፈታም ነበር። እጣቢው ወደ አንድ ክፍት ጉድጓድ ይፈስሳል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም።

የድሮው መንደር እድር ሰብሳቢ ጋሽ ሐጎስ ነገሩን ይዘው ወደ ወረዳ ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፦ «በወረቀት የተደገፈ የምርመራ ውጤት ይዛችሁ ሰኞ ኑ። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ፋይሉ ይዘጋል። ንጹሕ ካልሆነ ድርጅቱም ይጠየቃል፣ ጉድጓዱም ይዘጋል።»

በእድሩ ስብሰባ ላይ ይህ ሲነበብ እማማ ጫልቱ ከኋላ ተነሱ።

«ጉድጓዴን ልትዘጉብኝ ነው?»

«ገና ምንም አልታወቀም፣ እማማ» አሉ ጋሽ ሐጎስ። ሌላው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ ዝም ማለት ሲገባኝ ተነሳሁና ስፖንጅና አሸዋ አቅርቤ የከርሰ ምድር ውሃ እንዴት እንደሚጓዝ አስረዳሁ። መሬት እንደ ስፖንጅ ነው፤ ላይ የፈሰሰ ነገር ቀስ እያለ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ጎን ይሄዳል። የምርመራው አስተባባሪ ሆኜ የተመረጥኩት በዚህ ማስረዳቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

የምርመራ ጠርሙሶቹን አጥቤ አንዱን ለእማማ ጫልቱ ወሰድኩላቸው። ውሃው ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ባልዲ ሳያስገባ መቀዳት ነበረበት። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጠርሙሱ ሦስት ጊዜ ታጥቧል፤ አፉን በጣት እንዳይነኩት፤ ክዳኑን መሬት ላይ እንዳያስቀምጡት፤ እስከ አፉ እንዲሞሉት።

«ለማን ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«ላቦራቶሪ ለምትሠራ ባለሙያ ነው።»

«ትጠጣዋለች?»

ሳቅሁ። «አይ እማማ፣ ትመረምረዋለች።»

«ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም።»

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና በራሳቸው ቋንቋ «ጋሪ» አሉኝ። እሺ፣ ደህና ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ሌሎቹን ሁለት ጠርሙሶች ራሴ ሞልቻለሁ፤ አንዱን ከድርጅቱ በታች ካለው ወንዝ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለማነጻጸሪያ ከድርጅቱ በላይ ካለ ሌላ ጉድጓድ። እማማ ጫልቱ ዘንድ ስደርስ የሳቸው ጠርሙስ ተሞልቶ በጥልፍ ጨርቅ ላይ ቆሟል። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይነካ ስላደረ ዝቃጩ ታች ቀርቷል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ።

ጋሽ ሐጎስ ፕላስተርና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ከኤርፖርት የጭነት ክፍል ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያልታሸገ ነገር አያምኑም። የእያንዳንዱን ጠርሙስ ክዳን በፕላስተር ጠቀለሉ፣ ፈረሙ፣ እኔንም አስፈረሙ።

«አሁን ይኼ ውሃ ፍራንክፈርት ድረስ ቢሄድ ማንም አይነካውም» አሉ።

«ሾላ ድረስ ከሄደ ይበቃናል፣ ጋሽ ሐጎስ።»

«አብሬሽ ብሄድ ደስ ባለኝ፤ ጉልበቴ ግን ታክሲ ውስጥ አይታጠፍም። ብቻሽን ትወጪዋለሽ?»

«ለምጄዋለሁ» አልኩ። መልሱ ካሰብኩት በላይ እውነት ሆኖ ተሰማኝ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወደ ቦሌ

ጠርሙሶቹን ያስቀመጥኩት ከጤና ጣቢያ በተዋስነው ሰማያዊ የክትባት ሳጥን ውስጥ፣ በበረዶ መካከል ነው። እስከ አስፋልቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። አሸዋ የጫኑ ሲኖትራኮች በተከታታይ ያልፋሉ፤ አቧራው ከጥርስ ሥር ይገባል። በግራም በቀኝም አጠና የተደገፉ ፎቆች ናቸው። ከሕንፃዎቹ መካከል ባለች ቁራጭ መሬት ላይ አንድ ሰው በሬ ጠምዶ ያርሳል። አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ከላዩ ሲያልፍ ሰውየውም በሬዎቹም ቀና አላሉም።

ታክሲ ውስጥ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ነበሩ።

«የምን ክትባት ነው፣ ልጄ?»

«ክትባት አይደለም፤ የጉድጓድ ውሃ ነው። ለምርመራ ነው።» ጠያቂ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ስለ ስፖንጁ፣ ስለ አሸዋው፣ ብረት የሚነክረው ኬሚካል በዓይን ሳይታይ እንዴት እንደሚጓዝ መዘርዘር ጀመርኩ። ሴትዮዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። የወንዙን ጉዳይ ሳልጨርስ «ወራጅ አለ!» ብለው ወረዱ። መንገድ ዳር ቆመው ሌላ ታክሲ ሲጠብቁ በመስኮት አየኋቸው።

ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚሄደውን ታክሲ ለማግኘት ሃምሳ ደቂቃ ተሰለፍኩ። መገናኛ የባቡሩ መስመር ሥራ መንገዱን ለሁለት ሰንጥቆት ነበር። የኮንክሪት ምሰሶዎቹ ቆመዋል፤ በላያቸው የሚያልፍ ነገር የለም። ወያላው «ቲቸር፣ ሳጥኑ ራሱን የቻለ ሰው ነው፣ ይክፈል!» ብሎ ቀለደብኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መምህርት መሆኔን በምን እንዳወቀ ግን እስከ አሁን ይገርመኛል።

ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ሾላ

ላቦራቶሪው ከገበያው ጀርባ ነው። ወደዚያ ለመድረስ በርበሬ የሚያሰጡትን፣ ቅርጫትና የፕላስቲክ ባልዲ የሚሸጡትን ማለፍ ያስፈልጋል። እኔም አንዳንዴ እያስነጠስኩ አለፍኩ።

የተቀበለችኝ ባለሙያ ሰናይት ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። የጋሽ ሐጎስን ፕላስተር ለመቅደድ መቀስ አስፈለጋት። ናሙና ከመመዝገቧ በፊት የምታደርገው አንድ አጭር ፍተሻ አለ። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ በትናንሽ ብልቃጦች ቀዳች፤ በየአንዳንዱ ውስጥ ትንሽ ነጭ ዱቄት ጨመረች። የወንዙ ውሃ አልተለወጠም። የማነጻጸሪያው ውሃም አልተለወጠም። የእማማ ጫልቱ ውሃ ግን ጽጌረዳ መሰለ።

«ይኼኛው ከየት ነው ያልሽኝ?»

«ከጉድጓድ።»

«ጉድጓዳችሁ ክሎሪን ያፈልቃል?»

አንባቢ ነገሩ ግልጽ እንዲሆንለት ላብራራ። ክሎሪን የቧንቧ ውሃን ከጀርም ለማጽዳት ሰዎች የሚጨምሩት ነገር ነው። ከመሬት ውስጥ ብቻውን አይመጣም። ያ ዱቄት የሚቀላውም ክሎሪን ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በጥልፍ ጨርቅ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ፣ የታሸገውና የተፈረመበት፣ በበረዶ ተከብቦ ከተማውን ያቋረጠው ውሃ የቧንቧ ውሃ ነበር።

ሰናይት ፊቴን አየች። «እንደዚሁ ብመዘግበው ንጹሕ ነው የሚወጣው። ልመዝግብ?»

ያ ወረቀት ወረዳ ቢደርስ ፋይሉ እንደሚዘጋ፣ የሦስተኛ ፎቋ ልጅም ያንኑ ውሃ መጠቀሟን እንደምትቀጥል አወቅሁ።

«ሁለቱን መዝግቢያቸው፤ ይኼ አይመዝገብ» አልኩ። «ነገ ሌላ አመጣለሁ።»

«በጠዋት አምጪው። ሰኞ ውጤት የምትፈልጊ ከሆነ ከነገ ማለፍ የለበትም።»

ምሳዬን ገበያው ዳር ካለች ጠባብ ምግብ ቤት በላሁ። የጾም ቀን ስለነበረ ሽሮ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ትሪውን ይዛ «ለስንት ሰው ነው?» አለችኝ፤ «ለአንድ» አልኳት። ከፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ስለነበረ ሳጥኑን እዚያ ላይ አስቀመጥኩት። እየበላሁ ማን እንዳታለለኝ ሳስብ ቆየሁ። ማታለል የሚለው ቃል ከእማማ ጫልቱ ፊት ጋር አልገጥም አለኝ።

ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቡልቡላ

እማማ ጫልቱ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ረቡዕ ስለሆነ ማንም የለም።

«ወደደችው?» አሉኝ ገና ከሩቅ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ጠዋት የሰጡኝ ውሃ ከየት የተቀዳ ነው?»

«ከጋኑ ነዋ። ትናንት ማታ ከቧንቧ የቀዳሁት ነው።»

አልደበቁኝም። ያሳፈረኝ ይኼ ነው።

«ከጉድጓዱ ነበር እኮ የፈለግነው።»

«ልጄ፣ ያንን ቢጫ ውሃ ለማላውቃት ሰው እንዴት ብዬ ነው የምልከው? ሰው ቤት የሚሄድ ነገር ተመርጦ ነው። ጫልቱ ይኼን ላከችልኝ ብትልስ?»

«የምትመረምረው እኮ ቆሻሻውን ለማየት ነው።»

«እሱን መች ነገርሽኝ! ሦስት ጊዜ ታጥቧል አልሽ፣ በጣት እንዳይነኩት አልሽ፣ ክዳኑ መሬት እንዳይነካ አልሽ። እኔማ ንጹሕ ፈለጉ ብዬ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እንዴት እንደሚቀዳ እንጂ ለምን እንደሚቀዳ አልነገርኳቸውም። ለእድሩ ሁሉ ስፖንጅ ያሳየሁ ሰው፣ የጉድጓዱን ባለቤት ግን የጠርሙስ አያያዝ አስተምሬ ነው የሄድኩት።

ጉድጓዱን እያዩ፣ «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ» አሉኝ። «ንጹሕ ነው ቢሉ ምን አለበት ብያለሁ። ከተዘጋ ቅዳሜ ማን ይመጣል? ማሳው ሄደ፣ ልጆቹ ሄዱ። ሰው የሚያመጣልኝ ይኼ ውሃ ነው። ቢሻን ኮ ነው ያቆየኝ።» ቢሻን ኮ በኦሮምኛ ውሃዬ ማለት ነው።

አራተኛ ፎቅ ያለችውን ክፍሌን አሰብኩ፤ የእሁዶቹን ርዝመት፣ ሰው ደውሎ እንደሆነ እያልኩ ስልኬን የማይበትን ብዛት። እንዲዘጋ ወረቀት የማመላልስለት ጉድጓድ የእኔም ቅዳሜ ነበር።

ከሕንፃው በረንዳ የሦስተኛ ፎቋ ልጅ እጇን ወደ ላይ አድርጋ ታውለበልብልን ጀመር። በፋሻ የተጠቀለለ እጅ ነው። እማማ ጫልቱ መልሰው አውለበለቡላትና ተነሱ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ነይ። ሐጎስንም ጥሪው። ሌላም ሰው ይምጣ።»

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

አምስት ሆነን ጉድጓዱን ከበብን፤ ሁለት ከኮንዶሚኒየሙ፣ ሁለት ከድሮው መንደር፣ አምስተኛ ራሳቸው እማማ ጫልቱ። ባልዲውን ራሳቸው አወረዱ፣ ራሳቸው ሳቡ። ውሃው ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ ቢጫነቱ በጭጋጉም ውስጥ ታየ።

«እዩት» አሉ፣ ጠርሙሱን በተራ በተራ ለሁላችንም እያሳዩ። «ይኼ ነው የኔ። በኋላ ሌላ ነው እንዳትሉ።»

ጋሽ ሐጎስ ፕላስተሩን እየጠቀለሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሠላሳ ዓመት ጭነት አሽጌያለሁ፤ ውስጡን አይቼ ያሸግሁት ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

መንገዱ ያው ነበር፤ አቧራው፣ ሰልፉ፣ ምሰሶዎቹ። በዚህ ጊዜ ስለ ሳጥኑ የጠየቀኝ አልነበረም። ሰናይት ዱቄቱን ጨመረች፤ ውሃው ቀለሙን አልለወጠም። «አሁን የጉድጓድ ውሃ አመጣሽ» አለችና መዘገበችው።

ሰኞ እና ከዚያ በኋላ

በእማማ ጫልቱ ውሃ ውስጥ ክሮሚየም የሚባለው ብረት ለመጠጥ ከሚፈቀደው በላይ ተገኘ። በወንዙም እንዲሁ። በማነጻጸሪያው ጉድጓድ ውስጥ ግን አልተገኘም፤ ምንጩ ድርጅቱ ጋ መሆኑን የሚያሳየው ይኼ ልዩነት ነው። ወረዳው ወረቀቱን ተቀበለ። ድርጅቱ እጣቢውን የሚያክምበት ገንዳ እስኪሠራ ድረስ መንከሩን እንዲያቆም ደብዳቤ ተጻፈለት። ደብዳቤው ይከበር አይከበር የሚታየው ወደፊት ነው። እድሩ በየወሩ ናሙና እንዲቀዳ፣ ሲቀዳም ከሁለቱም ሰፈር ምስክር እንዲቆም፣ የሚቀዱትም እማማ ጫልቱ እንዲሆኑ ወሰነ። ጉድጓዱ በቆርቆሮ ተከደነ፤ በላዩ ትልቅ ድንጋይ ተጫነበት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጻፍ ብዬ ብዙ ሞከርኩ። የሚቀርበኝ ይኼ ነው፦ ሰው ውሃውን እንዲጠብቅ ከተፈለገ፣ ውሃውን ማጣት ምን እንደሚያስከፍለው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ስፖንጁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በቀጣዩ ዓርብ ማታ፣ እንዳጋጣሚ ውሃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ጀሪካኔን ሞላሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተሸክሜው ደረጃውን ወረድኩ፤ ክብደቱ ትከሻዬን ሰበረው። ጠፍጣፋው ድንጋይ ባዶ ነበር። እማማ ጫልቱ በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ምን ልትቀጂ መጣሽ? ተዘግቷል እኮ።»

«ሙሉ ነው፣ እማማ። ለእርስዎ ነው ያመጣሁት።»

አላመኑኝም። መጥተው ጀሪካኑን በአንድ እጃቸው ሊያነሱት ሞከሩ፤ ከመሬት አልለቅ አላቸው። ከዚያ ሳቁ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«ውሃ ተሸክሞ ወደ ጉድጓድ የሚመጣ ሰው እንኳ አየሁ!»

ድንጋዩን በእጃቸው ጠረጉልኝ።

«በይ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። «ዋጋው ያው ነው።»